ለአይቢኤስ የወንድም ሰገራ? የአንድ ድሬዳዋ ሾፌር ጉዳይ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ባለጉዳዩ ራሱ ጻፈው ስላለኝ ነው። «ሌላ ሰው እቤቱ እንዳይሞክረው» ነው ያለኝ። ስሙንና የሚታወቅበትን ነገር ትቻለሁ። አይቢኤስ የምለው፣ ምርመራ ላይ ቁስለትም ብግነትም ሳይገኝ ሆድን ለረጅም ጊዜ የሚያምና የሰገራን ሁኔታ የሚለውጥ የአንጀት ሕመም ነው።

ሰውየው ሾፌር ነው። ከድሬ ሐረር ሚኒባስ ይነዳል። ዕድሜው ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። ሆዱን ካመመው ሦስት ዓመት አልፎታል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ፣ እሱ ግን እንደ ብዙ ደንበኞቻችን ዶክተር ነው የሚለኝ። አንድ ቀን መጥቶ ትልቅ ሲሪንጅ፣ ካቴተር (ቀጭን የላስቲክ ቱቦ) እና ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ጠየቀኝ። ካቴተር የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚያስታምመው ሰው አለው። ለማን ነው አልኩት።

«ለራሴ ነው ዶክተር። የወንድሜን ሰገራ በጥብጬ በታች ላስገባ ነው።»

ምንም ሳይደብቅ ነገረኝ። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ አይቷል። አንዲት ፈረንጅ እቤቷ በብሌንደር አዘጋጅታ፣ ለዓመታት ሲያሠቃያት ከነበረው የሆድ ሕመም እንደዳነች ትናገራለች። ብሌንደሩን ገዝቷል። ታናሽ ወንድሙም እሺ ብሏል።

ከመደርደሪያው ጎን ወንበር ሰጥቼው አወራን። ሰው እዚህ ሐሳብ ላይ የሚደርሰው ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋበት ነው። ደግሞም ያየው ነገር ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። የሰገራ ንቅለ ተከላ የሚባል እውነተኛ ሕክምና አለ። ጥያቄው ለማን፣ ለየትኛው በሽታ፣ ከማን ሰገራ ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ቀጥተኛ መልስ ይገባው ነበር።

መጀመሪያ ሕመሙን እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ጠዋት ከድሬ ወጥቶ የደንገጎን ዳገት ሲጀምር ሆዱን ይቆርጠዋል። ቁርጠቱ ሽንት ቤት ከገባ በኋላ ቀለል ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ይመለሳል። ሰገራው ቀጭን ነው፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ የሚወጣበት ቀን አለ፣ ደህና የሚውልበት ሳምንትም አለ። ሆዱ ይነፋል፣ ይጮሃል። መኪና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ዳገቱ መሃል ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ ሾፌር መሆን አያስፈልግም። እሱን ፈርቶ ቁርስ መብላት አቁሟል። በባዶ ሆድ ቡና ይጠጣል፣ እስከ ከሰዓት ምንም አይቀምስም፣ ከዚያ በርጫ፣ ማታ ደግሞ የቀኑን ሁሉ ምግብ በአንድ ጊዜ ይበላል። ሥራው ላይ ረዳቱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የት እንደጀመረ ስጠይቀው በደንብ ያስታውሳል። ክፉኛ ተቅማጥ ያዘው፣ ሰገራው ተመረመረ፣ ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ነው ተባለ። ሜትሮኒዳዞል ወሰደ፣ ተቅማጡ ቆመ። ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። ከሳምንታት በኋላ ቁርጠቱ መጣ። አንድ ክሊኒክ ሄደ፣ አሜባ ነው ተባለ፣ ሜትሮኒዳዞል እንደገና። ሌላ ክሊኒክ ሄደ፣ ደም ሰጠ፣ ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስም አለብህ ተባለ፣ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ። ቀጥሎ ጨጓራ ነው ተባለ፣ የኤች ፓይሎሪ ሦስቱ መድኃኒት በአንድ ላይ። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት መሄዱን ትቶ ሆዱ በጮኸ ቁጥር እራሱ ሜትሮኒዳዞል እየገዛ መዋጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ያናድደኛልና። በእኛ አካባቢ ሆድ የታመመ ሰው ሁሉ ወይ አሜባ፣ ወይ ታይፎይድ፣ ወይ ጨጓራ ይባላል። ለታይፎይድ የሚደረገው፣ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ አንድ ጊዜ ተወስዶ ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። ቀድሞ የታመመ ሰው ደም ውስጥ ምልክቱ ሊቆይ ይችላል፣ ሌላ ሕመምም ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ የሚገድለው አሜባና ጃርዲያን ብቻ አይደለም። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ይመታል፣ ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ደግሞ እንዲህ ያሉ ናቸው። ይህ ሰው የወንድሙን ባክቴሪያ ወደ ሆዱ ለማስገባት እያሰበ በዚያው ሳምንት የራሱን የሚገድል መድኃኒት እየዋጠ ነበር። መጀመሪያ የነገርኩት ይህን ነው። «እንኳን የወንድምህን፣ የማንንም ብታስገባ አይበረክትም፣ መጀመሪያ መግደሉን አቁም» አልኩት።

ጃርዲያው ራሱ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መኸር ላይ ኖርዌይ ውስጥ በርገን የምትባል ከተማ የመጠጥ ውኃዋ በጃርዲያ ተበክሎ ብዙ ሰው ታመመ። ተመራማሪዎች ሰዎቹን ተከታትለው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያዩ፣ በጃርዲያ ከታመሙት 46 በመቶው የአይቢኤስ ምልክት ነበራቸው። ካልታመሙት መካከል 14 በመቶ ብቻ። ጥገኛው ከሄደ በኋላ ማለት ነው። አንጀቱ ከኢንፌክሽኑ ይድናል፣ ነርቮቹ ግን እንደተቆጡ ይቀራሉ፤ ትንሽ ጋዝ፣ ትንሽ መወጠር እንደ ሕመም ይሰማል። የኛ ሾፌር ታሪክ ከዚህ ጋር ልክክ ነው የሚለው። ነገር ግን ታሪክ ስለገጠመ ብቻ በሽታው ይህ ነው አይባልም፣ እኔም ፋርማሲ ቆሜ ምርመራ አልሰጥም። የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ላክሁት።

ሐኪሙ የጠየቀው ደም በሰገራ ይታያል ወይ፣ ክብደት ቀንሰሃል ወይ፣ ሌሊት ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል ወይ፣ ትኩሳት አለ ወይ፣ ቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር አለ ወይ እያለ ነው። ሁሉም የለም። እዚህ አገር የአንጀት ቲቢም መታሰብ አለበት። የደም ምርመራ፣ የታይሮይድና የኤችአይቪ ምርመራ፣ አዲስ የሰገራ ምርመራ ተደረገ፤ አንጀቱ ላይ ብግነት መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው የሰገራ ምርመራ ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ነው የተሠራው። ሁሉም ደህና ሆነ። ሰገራው ውስጥ ጃርዲያም አሜባም የለም። የሮም 4 መስፈርት የሚባለው በ2016 የወጣው መለኪያ ደግሞ ሞልቶ ተገኘ። ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሆድ ሕመም፣ ከዚያም ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር መያያዙ፣ የሰገራው ብዛትና ዓይነት መለወጡ፣ ነገሩ ከጀመረ ስድስት ወር ማለፉ። ተቅማጥ የሚያመዝንበት አይቢኤስ ተባለ። ለሦስት ዓመት ሲንከራተት አንድ ሰው ተቀምጦ ያለህ ይህ ነው ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ ሰገራው እንመለስ፣ እሱም ተመልሶ መጥቶ «ታዲያ አይቢኤስ ከሆነ የወንድሜ ሰገራ ያድነኛል አይደል?» አለኝ።

ሕክምናው እንዲህ ነው። የተመረመረ ጤነኛ ሰው ሰገራ በሳላይን ይበጠበጣል፣ ይጣራል፣ ከዚያ በኮሎኖስኮፕ (በፊንጢጣ በሚገባ የአንጀት መመልከቻ ቱቦ)፣ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ፣ በኤኔማ (ፈሳሹን በፊንጢጣ በማስገባት) ወይም በረዶ ሆኖ በካፕሱል ይሰጣል። በዘመናዊ ሕክምና የታወቀው የመጀመሪያ ሪፖርት የ1958 ነው፤ አሜሪካ ዴንቨር ውስጥ ቤን አይስማን የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ባልደረቦቹ አራት በጽኑ የታመሙ ሰዎችን በኤኔማ አከሙ። ስሙ የገነነው ግን በ2013 ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል በተባለ፣ አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ በሚመጣ ባክቴሪያ እየተመላለሰ የሚታመሙ ሰዎች ላይ ተሞከረ። የጤነኛ ሰው ሰገራ ከተሰጣቸው 16 ሰዎች 13ቱ በአንድ ጊዜ ዳኑ። ቫንኮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ናቸው። ልዩነቱ በጣም ትልቅ ስለነበር ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2022 እና በ2023 ከሰው ሰገራ የተሠሩ ሁለት መድኃኒቶችን ፈቅዷል፣ ሁለቱም ይኸው በሽታ እንዳይመለስ ለመከላከል ብቻ ነው።

ያ በሽታ ግን ጠላቱ ይታወቃል። አንድ ባክቴሪያ ነው፣ ጎረቤቶቹ በአንቲባዮቲክ ስላለቁ ቦታ አግኝቶ መርዝ ይረጫል። ጎረቤቶቹን ስትመልስ ይዳከማል። አይቢኤስ እንዲህ አይደለም። የነርቭ መቆጣት አለበት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ አለበት፣ ምግብ አለበት፣ ጭንቀት አለበት፣ ባክቴሪያም የራሱ ድርሻ አለው። ጥናቶቹም ለዚህ ይመስለኛል እርስ በርስ የሚጣሉት።

ሦስቱን ነገርኩት። በ2018 የወጣ፣ ኖርዌይ ሃሽታ ከተማ የተደረገ ጥናት አለ። ከሦስት ወር በኋላ የሌላ ሰው ሰገራ ከወሰዱት 65 በመቶ ተሻላቸው። ማነጻጸሪያዎቹ ደግሞ የገዛ ራሳቸው ሰገራ ነበር ተመልሶ የተሰጣቸው፤ ከእነሱም 43 በመቶ ተሻላቸው። ዓመት ሲሞላው ልዩነቱ አስተማማኝ መሆኑ ቀረ። በዚያው በ2018 ዴንማርክ ውስጥ በካፕሱል ተሞከረ። የታማሚዎቹ አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በእርግጥ ተለወጠ፣ የለጋሾቹን መሰለ፣ ነገር ግን የበለጠ የተሻላቸው ሰገራ የሌለበት ካፕሱል የወሰዱት ሆኑ። ይህኛው ላይ ብዙ አሰብኩ። ባክቴሪያው ተለውጦ ሰውየው ካልተሻለው፣ ባክቴሪያውን መለወጥ ብቻውን መልስ አይደለም ማለት ነው። ሦስተኛው በ2020 ኖርዌይ ውስጥ በ165 ሰዎች ላይ የተደረገው ነው። እዚያ የለጋሽ ሰገራ 30 ግራም ከተሰጣቸው 76.9 በመቶ፣ 60 ግራም ከተሰጣቸው 89.1 በመቶ፣ የራሳቸው ከተሰጣቸው 23.6 በመቶ ተሻላቸው። አስደናቂ ቁጥር ነው። ልዩነቱን ያመጣው ለጋሹ ነው ብለው ነው አጥኚዎቹ የሚያምኑት። አንድ ሰው ነው፤ 36 ዓመቱ፣ አዘውትሮ ስፖርት የሚሠራ፣ የማያጨስ፣ የእናት ጡት ጠብቶ ያደገ፣ በሕይወቱ አንቲባዮቲክ የወሰደው ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሆነ።

«ያቺ ፈረንጅ ግን ድኛለሁ ነው የምትለው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን የራሳቸው ሰገራ ተመልሶላቸው ከተሻላቸው 43 በመቶ አንዷ ብትሆንስ? አይቢኤስ በራሱ ይነሳል፣ ይተኛል። ሰው ሲብስበት ነው መድኃኒት የሚሞክረው፤ ሊሻለው ሲል የያዘው ነገር ምስጋናውን ይወስዳል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ለአይቢኤስ ይህን ሕክምና ከጥናት ውጪ አለመጠቀም ይሻላል ብሏል። ከጥናት ውጪ የሚለውን ልብ በሉ። በሩን አልዘጉም፣ ገና ያልተረጋገጠ ነው ያሉት።

ቁጥሩ ብዙም አላሳመነውም። ያሳመነው የወንድሙ ጉዳይ ነው።

ለጋሽ መሆን ቀላል አይደለም። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢና ሲ፣ ቂጥኝ፣ ጥገኛ ትላትሎች፣ ሳልሞኔላ፣ ሺጌላ፣ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች፣ ሁሉም መታየት አለባቸው። ባለፉት ወራት አንቲባዮቲክ የወሰደ አይሆንም፣ በጣም የወፈረ አይሆንም፣ የሆድ ሕመም ያለበት አይሆንም። ለልገሳ ከሚመጣው ሰው የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሁለት ሰዎች ከአንድ ለጋሽ ሰገራ፣ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ኢ ኮላይ ተላለፈባቸውና አንደኛው ሞተ። ለጋሹ ምንም ሕመም አልነበረበትም። ሰገራው ሲዘጋጅ ለዚያ ባክቴሪያ አልተመረመረም ነበር፣ ይኸው ነው። ይህ የሆነው ሐኪሞችና ላቦራቶሪ ባሉበት ነው፤ ድሬ ውስጥ በኩሽና ብሌንደር ሲሆን ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቡት።

«ወንድሜ ግን ጤነኛ ነው፣ ኳስ ይጫወታል፣ ራስ ምታት እንኳን አያውቅም» አለ። ሐረር ጁስ ቤት ነው የሚሠራው፣ ወጣት ነው። እንግዲያው ቢያንስ ሰገራውን አስመርምረው አልኩት። እዚሁ የሚሠራ፣ ርካሽ ምርመራ ነው።

ጃርዲያ ተገኘበት።

ምንም አይሰማውም፣ ተቅማጥ የለው፣ ቁርጠት የለው። ጃርዲያ እንዲህ ነው፤ አንዱን ይጥለዋል፣ ሌላው ተሸክሞት ይኖራል። የምግብ ሥራ ላይ ስላለ ሐኪሙ አከመው፣ የእጅ መታጠቡንም ነገር አጥብቆ ነገረው። ሾፌሩ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ብዙ አላወራም። «ወላሂ ዶክተር፣ መጀመሪያ የጣለኝን ነገር በእጄ መልሼ ልከተው ነበር» አለ። ብሌንደሩን ሚስቱ ለበርበሬ ወሰደችው።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ነገር ቪዲዮ አይወጣውም፣ አሰልቺ ነው፣ ግን የረዳው እሱ ነው።

ሜትሮኒዳዞል ቆመ። ጠዋት ቁርስ ተመለሰ፣ ትንሽም ቢሆን፤ በባዶ ሆድ የሚጠጣው ቡና ወደ ቁርስ በኋላ ዞረ። ለጥቂት ሳምንት ወተትና ሻሂ በወተት ተወ፣ መነፋቱ በግልጽ ቀነሰ፣ ሲመልሰው ተመለሰ። ስለዚህ ወተቱ ቀረ። ከባዱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባል ነገር ትንሹ አንጀት አይፈጨውም፣ ትልቁ አንጀት ደርሶ ባክቴሪያ ያብላላውና ጋዝ ይሆናል። አውስትራሊያ የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ምግቦች ለጊዜው የሚቀንስ፣ ፎድማፕ በሚባለው ስም የሚታወቅ አመጋገብ አውጥቷል። ያለ ሽንኩርት ወጥ ይሠራል ብዬ ለሐበሻ ሴት መንገር ግን እንዴት ይሆናል? መላውን ያገኘችው ሚስቱ ናት። ፍሩክታን ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ነጭ ሽንኩርቱን ዘይት ላይ ጠብሳ አውጥታ ትጥላለች፣ ሽታው ዘይቱ ላይ ይቀራል። ለሱ ትንሽ ድስት ለብቻ ትጥዳለች። ሽሮውን አላስተወችውም፣ መጠኑን ነው የቀነሰችው፤ አተርና ሽምብራም ጋዝ ያበዛሉ። ፎድማፕ ለዕድሜ ልክ አይደለም፤ ለጥቂት ሳምንት ተቀንሶ ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳል፣ ሆዱ የቻለው ይቀጥላል። በጾም ላይ ጾም እየጨመሩ ሰውነትን ማድከም ሌላ በሽታ ነው።

ሐኪሙ ደግሞ አሚትሪፕቲሊን አዘዘለት፣ 10 ሚሊግራም ማታ። መጀመሪያ ሲያነበው ደነገጠ፤ «ይሄ የአእምሮ መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አለኝ። ለድብርት በሚሰጠው መጠን አይደለም፤ በዚህ በትንሹ መጠን የአንጀትን የነርቭ መቆጣት ያበርዳል፣ ተቅማጡንም ያዘገያል። በ2023 እንግሊዝ ውስጥ በ463 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከ10 እስከ 30 ሚሊግራሙ አይቢኤስን ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን) በተሻለ እንደሚያቀል አሳይቷል። ሾፌር በመሆኑ ግን ያስፈራኝ ነበር፤ እንቅልፍ ያመጣል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መኪና በማይዝበት ጊዜ እንዲጀምር፣ ከመተኛቱ ብዙ ቀደም ብሎ እንዲውጠው፣ ጠዋት ጭንቅላቱ ከከበደው እንዳይነዳ ተነጋገርን። ጫቱን ሳይነግረኝ እንዳይቀጥል ለመንኩት። ጫትና ይህ መድኃኒት ሁለቱም ልብ ምት ላይ ይሠራሉ፣ ከበርጫ በኋላ ለጨብሲ የሚጠጣው ደግሞ እንቅልፉን ያከብደዋል። ጨብሲውን ተወ። በርጫውን ቀነሰ፣ አልተወውም፤ ለሐኪሙም እንዲሁ ነገረው። ለክፉ ቀን ደግሞ ኪሱ ውስጥ ሎፔራሚድ የምትባል የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን አለች፣ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት የሚውጣት። እሷ ኪሱ ውስጥ መኖሯ ብቻ ፍርሃቱን እንደቀነሰው ነግሮኛል፣ አምነዋለሁ፤ በዚህ ሕመም ፍርሃቱ ራሱ አንጀቱን ይጠመዝዘዋል።

አሁን እንዴት ነው? አልዳነም። ቁርጠቱ በሳምንት ብዙ ቀን የነበረው አሁን አልፎ አልፎ ነው። ቁርስ በልቶ ይነዳል። መንገድ ላይ የሚቆምበት ቀን አሁንም አለ፣ በተለይ ሲጣላ ወይም መኪናው ሲበላሽበት። መነፋቱ ማታ ማታ ይመጣል። እሱ ግን «ግማሹ ሄዷል፣ ግማሹን እችለዋለሁ» ይላል።

ሰገራውን አልረሳውም። በቀደም መጥቶ፣ ወንድሙ ከታከመ በኋላ ሰገራው ንጹሕ ሆኖ እንደተገኘ ነገረኝና አሁንስ አለኝ። አይሆንም አልኩት፣ ምክንያቱንም ነገርኩት። ወንድሙ ገና መድኃኒት መውሰዱ ነው፣ ያ ብቻውን ከለጋሽነት ያስወጣዋል፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ንጹሕ መሆን ደግሞ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም፣ እሱን የሚያሳየው ሌላ ምርመራ ነው። አንድ ቀን አገር ውስጥ ለጋሾችን በደንብ የሚመረምር ጥናት ከተከፈተና ሐኪሙ ካመነበት ግን ይግባ፣ እኔም ቅጹን አብሬው እሞላለሁ ብዬዋለሁ። እስከዚያ ድረስ የሚቀጥለው ቀጠሮው የአሚትሪፕቲሊኑን መጠን ለማየት ነው፤ ሐኪሙ ወደ 20 ሚሊግራም ሊያሳድገው ያስባል፣ እሱ ደግሞ የጠዋት እንቅልፉን ፈርቶ አሥሩ ይብቃኝ ይላል።